ቁጥሩን ዝጋ እንጂ ወንድምህን አትዝጋው

ይድረስ ለማልረሳህ አብሮ አደግ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ላይ ክረምቱ ጠንክሯል፤ ጦሳ ጉም ለብሶ ይውላል። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ናፍቆቱ ግን ያው ነው።

ብዕር ያስነሳኝ ከእናታችን የሰማሁት ነገር ነው። ሰሞኑን ሰኞ ገበያ ሄጄ ቡና አብረን ጠጣን። በረካው ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጆቼ በካርድ ሰበብ ተዘጋጉ» አሉኝ። ታናሽህ በክሬዲት ካርድህ ከተነጋገራችሁት በላይ አወጣ፤ ዕዳው አንተ ላይ ወደቀ፤ አንተም ካርዱን ተቀብለህ ስልኩን ማንሳት ተውክ። እንዲህ ነው የነገሩኝ። ስለ ገንዘቡ ምንም አላሉም። ሁለታችሁን በአንድ ላይ በስልክ ማግኘት ነው የናፈቃቸው።

ንዴትህ ይገባኛል። እዚያ አሜሪካ አንድን ሰው በካርድህ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርገህ ስታስገባ፣ ባንኩ ዕዳውን የሚጠይቀው አንተን ነው። ካርድህ ተሰርቆ ቢሆን ኖሮ የአሜሪካ ሕግ ኃላፊነትህን ከ50 ዶላር አያሳልፈውም። አንተው ፈቅደህ የሰጠኸው ሰው ግን እንደ ሌባ አይቆጠርም። ፈቃድህን ማንሳትህን ለባንኩ እስክታሳውቅ ድረስ፣ እሱ ያወጣው ሁሉ አንተ እንዳወጣኸው ነው። ስለዚህ መቆጣጠሪያ ብታበጅ ማንም ንፉግ አይልህም። የምለምንህ ቁጥጥሩ ካርዱ ላይ እንዲቀር ነው፤ ወንድምነታችሁ ውስጥ አይግባ።

ቨርችዋል የካርድ ቁጥር የሚባለውን ሰምተህ ይሆናል። እኔ በደንብ ያወቅኩት ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ለልጆቿ ስታወጣ አብሬያት ሆኜ ነው። ፕላስቲክ የለውም። ከዋናው ሒሳብህ ጋር የተያያዘ ሌላ ቁጥር ይወጣልሃል። የራሱ ማብቂያ ቀን አለው፤ ካርድ ጀርባ ላይ እንደምናየው ዓይነት የራሱ የደህንነት ቁጥርም አለው። ሻጩ ዋናውን ቁጥርህን አያየውም። ወጪው ግን የሚመጣው በዚያው በወር ሒሳብህ ላይ ነው።

ቁም ነገሩ ገደቡ ላይ ነው። ልጆች ሆነን በዱቤ ስንላክ ትዝ ይልሃል? ደብተሩ በአባትህ ስም ነበር። አባትህም ለባለሱቁ «ከዘይትና ከስኳር ሌላ እንዳትሰጣቸው» ብለው ነግረውታል። ብስኩት ብንጠይቅ ባለሱቁ ራሱ ይመልሰናል። ከአባትህ ጋር የምንጣላበት ነገር አልነበረም፤ ነገሩ ቀድሞ አልቋል። ይህም ቁጥር እንዲሁ ነው። በወር ከ150 ዶላር አይለፍ ካልከው፣ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ አይከፍልም። ለአንድ ሻጭ ብቻ የሚሠራ አለ። አንድ ጊዜ ከፍሎ የሚሞትም አለ። ስትፈልግ ከስልክህ ላይ ትቆልፈዋለህ፤ ዋናውን ካርድህን አይነካውም።

ሁሉም ባንክ ይህን ሁሉ አይሰጥም፤ እዚህ ላይ ልብ በል። አንዳንዱ መቆለፍና መሰረዝ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ የገንዘብ ጣሪያ አያስቀምጥም። ያለ ጣሪያ ደግሞ ላንተ ብዙም አይጠቅምህም። ፕራይቬሲ የሚባለው አገልግሎት ጣሪያም አለው፣ ሻጭም ይለያል። የሚቆርጠው ግን ባንክ ካስቀመጥከው ገንዘብ ነው፤ ከክሬዲት ካርድ ጋር አይገናኝም። እኔ እንዲያውም ይሄ ይሻልሃል እላለሁ። ለታናሽህ የምትሰጠው እጅህ ላይ ካለው ከሆነ፣ ወለድ አይከተልህም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘነጋው ልምጣ። ካርዱን ተቀብለሃል፤ ደግ። ቁጥሩ ግን አሁንም በታናሽህ ስልክ ላይና እሱ በሚገዛባቸው መተግበሪያዎች ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። እነዚያ ካልተነሱ አዲሱ ገደብ ከንቱ ነው። አዲስ ካርድ ባስቀይር ሁሉም ይቆማል ብለህም አትመን። በየወሩ የሚቆርጡ ድርጅቶች አዲሱን ቁጥር በቪዛና በማስተርካርድ የማደሻ አገልግሎት በኩል ሊያገኙት ይችላሉ። ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ መሰረዝ ነው ያለው። ቨርችዋሉን መቆለፍም ውል አያፈርስም፤ ደንበኝነቱ ካልተሰረዘ ሻጩ ሒሳብ አለብህ ሊል ይችላል።

የታናሽህን ስም ከካርድህ ለማስወጣት ግን አትቸኩል። ገና እግሩን እየተከለ ያለ ልጅ ነው። ያንተ ሒሳብ በሰዓቱ ሲከፈል ለእሱም የክሬዲት ታሪክ፣ ማለትም ዕዳን በሰዓቱ የመክፈል መዝገብ፣ ሊሆነው ይችላል። ቤት ሲከራይ፣ መኪና ሲገዛ የሚታየው ይሄ ነው። ስሙ ይቆይ፤ ፕላስቲኩ ያንተ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ቀሪ ዕዳው ከፍ ካለ ግን ከዚህ ታሪክ የሚሰላውን የሁለታችሁንም የክሬዲት ነጥብ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ባንኩ ከፈቀደልህ የብድር ጣሪያ ከ30 በመቶ በታች እንዲሆን ነው።

ገደቡን ስትወስን ትንሽ ላላ አድርገው። እዚያ ዕቃው ላይ የሚለጠፈው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ታክስ የለበትም፤ የ50 ዶላር ዕቃ በ50 ዶላር ገደብ አይወጣም። ሆቴል ሲገባ ደግሞ ፕላስቲኩን ሊጠይቁት ስለሚችሉ ለዚያ ሌላ መላ ያስፈልገዋል።

አንድ አደራ አለኝ። በድብቅ እንዳታደርገው። ደውልለትና «በወር ይህን ያህል ያንተ ነው» በለው። ልኩን አብራችሁ ቁረጡት። ከገደቡ በታች ለምን ጫማ ገዛህ፣ ለምን ምግብ አዘዝክ ብለህ አትጠይቀው። እያንዳንዱ ግዢ ስልክህ ላይ ሲመጣ ማየትህ አይቀርም፤ እየውና እለፈው። ገደብ ካበጀህለት በኋላም የምትመረምረው ከሆነ ልጁ ምን ቀረለት? ያለፈውን ዕዳ ትንሽ ትንሽ እያለ ይክፈልህ፤ ከአዲሱ ጋር ግን አታደባልቀው። አብሽር፣ ይሄ ሁለታችሁን የሚያለያይ ገንዘብ አይደለም።

ባንክህ የትኛው እንደሆነ ጻፍልኝ፤ ጣሪያ ማስቀመጥ ይፈቅድ እንደሆነ አብረን እናያለን። የካርዱን ቁጥርም ሆነ ፎቶውን ግን በቴሌግራም እንዳትልክልኝ። ቅዳሜ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እናታችን ቤት ነኝ፤ ላንተ ቀን ስለሆነ ይመችሃል። ያኔ ደውል፤ ታናሽህንም መስመሩ ላይ አስገባው።

ወንድምህ
ከደሴ