ከፍዬ ስላልተረከብኩት መኪና የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም
ደሴ

ለተሽከርካሪ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የከፈልኩት 1,225,000 ብር እንዲመለስልኝ ወይም መኪናዬን እንድረከብ ስለመጠየቅ

ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም ከደሴ ቅርንጫፋችሁ ጋር የአንድ ኤሌክትሪክ የቤት መኪና የሽያጭ ውል ተፈራርሜአለሁ። ጠቅላላ ዋጋው 2,450,000 ብር፣ የማስረከቢያ ጊዜው 90 ቀን ነው። በፈረምኩበት ዕለት 30 በመቶውን 735,000 ብር፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ ተጨማሪ 20 በመቶ 490,000 ብር በድርጅታችሁ የባንክ ሒሳብ አስገብቻለሁ። የውሉ፣ የደረሰኞቹና የባንክ ስሊፖቹ ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ቅርንጫፉ ጥቅምት 29 ቀን ተዘጋ። ሁለተኛውን ክፍያ በፈጸምኩ በአስራ አንደኛው ቀን ማለት ነው። ቅሬታዬ ብዙ ነገር አለበት፤ ዋናው ግን ይህ አስራ አንድ ቀን ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ነዋሪነቴ ደሴ፣ እንጀራዬ ኮምቦልቻ ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም በመካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ወርዶ የሚያውቅ ሰው መንገዱን በኪሎ ሜትር አይለካውም። ማታ ደግሞ መናኸሪያ ቆሞ ወንበር መሻማት አለ። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ሚኒባሱም አብሮ ይጠፋል። ጥር 2016 ላይ ከእንግዲህ ወደ አገር የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብቻ ናቸው ሲባል፣ እኛ ቤትም የመኪና ወሬ ተነሳ። ከመጀመሪያው ክፍያ 400,000 ብሩ ጅዳ ሰው ቤት ስምንት ዓመት የሠራችው እህቴ የላከችው ነው። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። እህቴ በየሳምንቱ ስለምትጠይቀኝና እኔም የምመልስላት ስለሌለኝ፣ መልሱ ከእናንተ እንዲመጣ ብዬ ነው።

የሽያጭ ሠራተኛችሁ ትሑት ልጅ ነበር። የሐረጎን ሽቅብ ይችለዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ይጨመራልና። «ሽቅቡ ይበላል ጋሼ፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ይመልስልዎታል» አለኝ። እዚህ ላይ አልዋሸኝም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ ሽቅቡ የበላውን በሙሉ ባይሆንም የተወሰነውን ይመልሳል። ከድርጅታችሁ ጋር ባደረግሁት ንግግር ሁሉ ስለ መመለስ የተነገረኝ እውነት ይህ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ውሉ ላይ «የሻንሲ ቁጥር» እና «የሞተር ቁጥር» የሚሉት ቦታዎች ባዶ ናቸው። ጎኑ ላይ በእርሳስ «ሲገባ ይሞላል» ተብሎ ተጽፎበታል። በእርሳስ መጻፉ ያኔውኑ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር፤ እሱን የራሴ ጥፋት ብዬ ይዤዋለሁ። ስፈርም በቀይ ሣጥን የቁልፍ ማንጠልጠያ ሰጣችሁኝ። ማንጠልጠያው ዛሬም ኪሴ ውስጥ አለ፤ የተንጠለጠለበት ግን የቤቴ ቁልፍ ነው።

ሙያዬ ስለሆነ ለቻርጀሩ የሚሆነውን መስመር ራሴ ዘረጋሁ። ከቆጣሪው ተነስቶ በግድግዳው ዞሮ በረንዳ ድረስ የሚደርስ ወፍራም ገመድ፣ ለብቻው 32 አምፔር ብሬከር፣ በክዳን የሚዘጋ ሶኬት። ሰኔ ላይ ጨርሼዋለሁ። አሁን ባለቤቴ ምጣዷን በረንዳ አውጥታ በዚያ መስመር እንጀራ ትጋግርበታለች። መኪና የሚሞላበት መስመር ምጣድ አያቅተውም፤ ጎረቤት ግን ባየው ቁጥር «መኪናዋ እንዴት ናት?» ማለቱን አልተወም።

ዘጠናው ቀን ሐምሌ 14 ሞላ። መኪና የለም። ስደውል «ሁለት ሳምንት» ተባልኩ። ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተወሰነና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ወጣ፤ ጥቅምት ላይ ከ110 ብር አልፎ ነበር። ነሐሴ ላይ ለደንበኞች በላካችሁት ደብዳቤ የመዘግየቱ ምክንያት ይኸው የምንዛሪ ለውጥ እንደሆነ ገልጻችኋል። ችግሩ ከባድ መሆኑን አልክድም፤ የኛ ፋብሪካም መለዋወጫ ለማስመጣት አሳሩን አይቷል። ነገር ግን ቀኖቹን ቁጠሩልኝ። ዶላሩ ሲወጣ የእኔ መኪና ስምንት ቀን ዘግይታ ነበር። ሐምሌ 14 ልታስረክቡኝ የተዋዋላችሁት መኪና ሐምሌ 22 የመጣ ለውጥ አስቀራት ልትሉኝ አትችሉም። ደግሞስ 735,000 ብሩን የወሰዳችሁት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ሳለ ነው። በዚያን ጊዜ ለኔ መኪና ኤል ሲ (ባንክ ለውጭ አገር ሻጭ ክፍያ የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ተከፍቶ ነበር ወይስ አልተከፈተም? ይህን በነሐሴው ደብዳቤ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ወደ አስራ አንዱ ቀን ልመለስ።

ጥቅምት 14 ቀን የሽያጭ ሠራተኛው ደወለልኝ። መኪኖቹ ጅቡቲ እንደደረሱ፣ ለቀረጥ የሚሆን 20 በመቶ ቶሎ ያስገባ በቅድሚያ እንደሚረከብ፣ ያዘገየ ግን ወደ ሚቀጥለው ዙር እንደሚተላለፍ ነገረኝ። ትንሽ ስጠራጠር «አብሽሩ ጋሼ፣ በአስራ አምስት ቀን ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይገባሉ» አለኝ። ወሎ ውስጥ አብሽር የሚባለው ለታመመና ለተቸገረ ሰው ነው። ለገንዘብ ማስከፈያ ሲውል ያየሁት በእናንተ ነው።

ገንዘቡ እጄ ላይ አልነበረም። 190,000 ብሩን ከመሥሪያ ቤታችን ቁጠባና ብድር ወሰድኩ። ለ300,000 ብሩ የዕቁቡን ዳኛ ለምኜ የሌላ ሰው እጣ ገዛሁ። እጣ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁ አላብራራም፤ ለማታውቁ፣ ተራው የደረሰው ሰው እንዲለቅልኝ ከላዩ ላይ ከፍዬ ነው የወሰድኩት። እስከ ሰኔ በየሳምንቱ እሑድ እጥላለሁ። የሌለች መኪና ዕቁብ ማለት ነው።

ጥቅምት 29 ዓርብ ከኮምቦልቻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ እሱም የእናንተው ደንበኛ ነው፣ «ሱቁ ተዘግቷል» ብሎ ደወለ። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሄድኩ። የድርጅቱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ተነቅሏል፤ ፊደሎቹ የነበሩበት ቦታ ግን ከቀሪው ግድግዳ ይልቅ ንጹሕ ስለሆነ ስማችሁ አሁንም ይነበባል። በመስታወቱ ሲታይ ውስጡ ባዶ ነው፤ ወለሉ ላይ መኪናዋ የቆመችበት የጎማ ምልክትና አንድ የተቆረጠ የኤክስቴንሽን ገመድ ቀርቷል። ዘበኛው የፕላስቲክ ወንበሩን በሩ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ለእይታ የቆመችውን መኪና ረቡዕ ሌሊት በጭነት መኪና ጭነው በኮምቦልቻ መንገድ መውረዳቸውን፣ ኮምፒውተሮቹና ፕሪንተሩ ግን ካለፈው እሑድ ጀምሮ እንደሌሉ ነገረኝ። የሁለት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈለውም ነገረኝ። ምን እየጠበቀ እንደሆነ ብጠይቀው «ቁልፉን የሚረከበኝ ሰው አልመጣም» አለ።

በማግስቱ የሕንፃውን ባለቤት አገኘሁ። መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም በድርጅታችሁ ማኅተም የተጻፈ ደብዳቤ አሳዩኝ። የኪራይ ውሉን እንደማታድሱና በጥቅምት ወር መጨረሻ ቤቱን እንደምትለቁ ይገልጻል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ዘንድ ተደውሎ «ቶሎ ያስገቡ» የተባለው ጥቅምት 14 ነው። ቤቱን እንደምትለቁ ለአከራዩ ካሳወቃችሁ ሃያ ሦስት ቀን አልፎ ነበር። ድርጅት ይከስራል፣ ገበያ ይወድቃል፤ የንግድ ነገር ነው፣ የሰኞ ገበያ ነጋዴም ይከስራል። ግን ሱቁን እንደሚዘጋ ለአከራዩ ከነገረ በኋላ ከደንበኛው ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ምን ይባላል? እኔ ስም አላወጣለትም፤ ሥራ አስኪያጁ በደብዳቤ እንዲያስረዱኝ እጠይቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልጨርስ። ስልኮቻችሁ አይነሱም። የሽያጭ ሠራተኛው አንድ ጊዜ አንስቶ «እኔንም ትተውኝ ነው የሄዱት» አለኝ፤ አምኜዋለሁ። ኅዳር ላይ ፈቃድ ወስጄ፣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ዋናው መሥሪያ ቤታችሁ ድረስ መጣሁ። አንዲት ልጅ ስሜን በደብተር መዘገበች። ተራ ቁጥሬ 118 ነበር። «ይደወልልዎታል» ተባልኩ። አልተደወለም።

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ የጠየቅኳቸው ሰዎች የነገሩኝን ግን አንብቤ አረጋግጫለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢተው እጥፉን ይመልሳል ይላል። የእናንተ ውል «ቅድሚያ ክፍያ» እንጂ «ቀብድ» ስለማይል እጥፍ አልጠይቅም። ቃሉ እንዲሁ አልተመረጠም ብዬ ግን እገምታለሁ። የምጠይቀው የራሴን ገንዘብና በዚሁ ሕግ ቁጥር 1751 የተመለከተውን 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ነው። ይህ ደብዳቤም በቁጥር 1772 መሠረት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሆኖ እንዲያዝልኝ አሳስባለሁ። ከስራችሁም ከሆነ ኪሳራ በፍርድ ቤት ይታወጃል፣ ባለገንዘቦችም በወግ ይሰለፋሉ፤ በር ቆልፎ ስልክ በማጥፋት የሚታወጅ ኪሳራ የለም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ እፈልጋለሁ። ጥቅምት 14 ጅቡቲ ደርሰዋል የተባሉት መኪኖች በእርግጥ ደርሰው ከሆነ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) አላቸውና ቁጥሩንና የመኪናዬን የሻንሲ ቁጥር ግለጹልኝ፤ በእርሳስ ሳይሆን በማኅተም። መኪናዋ ካለች በውሉ ዋጋ ቀሪውን ከፍዬ እረከባለሁ። ከሌለች 1,225,000 ብሩ ከወለዱ ጋር በከፈልኩበት የባንክ ሒሳቤ ይመለስልኝ። በየወሩ እየቆራረጣችሁ ለመክፈል ካሰባችሁም ቀኑና መጠኑ የተጻፈበት፣ ሥራ አስኪያጁ የፈረሙበት ሰነድ አምጡና እንነጋገር። የቃል ቀጠሮ ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።

የደሴና የኮምቦልቻ ገዢዎች ተገናኝተን እስካሁን 23 ሆነናል። ቀነ ገደቡ ካለፈ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቤቱታችንን በአንድ ላይ እናቀርባለን፤ ክስም እንመሠርታለን። ጥቅምት 14 የተደወለልኝ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ የሚያሳይ የጥሪ ዝርዝር ከአስራ አንድ ሰው ሰብስበናል።

ዘበኛው ትናንትም እዚያው ነበር። ቁልፉን የሚረከበው ሰው ስትልኩ ደመወዙንም አብራችሁ ላኩለት።

ከሰላምታ ጋር
ቅሬታ አቅራቢ ደንበኛ
(ስሜ፣ ፊርማዬና ስልኬ ውሉ ላይ እንዳለው ነው፤ ስልኬ አልተቀየረም)

ግልባጭ፦
ለደሴ ከተማ አስተዳደር ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ