ቁጣ የመረጠው ደብተር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብ አስተምር ነበር።

ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን የምፈትንበት አንድ እንቆቅልሽ ነበረኝ። ፒተር ዋሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው ነው። አራት ካርድ አለ። እያንዳንዱ ባንድ ፊቱ ፊደል፣ በጀርባው ቁጥር አለው። የሚታየው አንድ አናባቢ፣ አንድ ተነባቢ፣ 4 እና 7 ነው። ደንቡ «አናባቢ ካለ ጀርባው ተጋማሽ ቁጥር ነው» ይላል። ደንቡ ተጥሶ እንደሆነ ለማወቅ የትኞቹን ትገለብጣለህ? አናባቢውንና 7ን ነው፤ ከ7 ጀርባ አናባቢ ከተገኘ ደንቡ ተጥሷል፤ ከ4 ጀርባ ግን ምንም ቢገኝ አይጣስም። ብዙው ሰው ግን 4ን ያነሳል፤ 7ን ዞር ብሎ የሚያያት ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ፍሎሪዳ ውስጥ ሌሎች ተመራማሪዎች የእንቆቅልሹን ደንብ ወደ ቢራ ቀየሩት፦ ቢራ የሚጠጣ 19 ዓመት የሞላው ይሁን። ከአራት ተማሪ ሦስቱ ያህል በትክክል መለሰው። አጭበርባሪ ሲፈለግ ጭንቅላታችን ይሠራል ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ ይህንኑ በዓይኔ አየሁ። የሰባት ወር ውዝፍ ላለበት አባል ድንኳን ተተክሎለት ኖሮ ጉባኤው ላይ ወጣ። ቤቱ ተናወጠ። «ነገ እኔ ስሞት ካዝናው ባዶ ሊሆን ነው?» አሉ አንድ አዛውንት። ወዲያው ከየአቅጣጫው «ድንኳን የወሰዱትን ደብተር አምጡ! ውዝፍ ያለባቸውንም!» ተባለ። ልክ ናቸው፤ መገልበጥ ያለባቸው ሁለቱ ካርዶች እነዚያው ናቸው። ተማሪዎቼ እንዲህ ቢመልሱልኝ ኖሮ ጡረታ ባልወጣሁ!

ከኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «እኔ አንድም ወር አላሳለፍኩም። ባለቤቴ ሲያርፍ ግን ድንኳኑ ሌላ ቤት ነው ተባልኩ። ዝናብ ላይ ነው ለቀስተኛ የተቀበልኩት። የኔን ደብተር ማን ያየዋል?»

ሊቀመንበሩ «እማማ፣ እሱ ሌላ አጀንዳ ነው» አሏቸው። ሰዉም ወደ ውዝፉ ተመለሰ።

ጊገረንዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1992 ተሳታፊዎችን ግማሹን አሠሪ፣ ግማሹን ሠራተኛ አድርገው ስለ አንድ ደንብ ጠይቀው ነበር። ሁለቱ ወገኖች የመረጡት ካርድ ለየቅል ሆነ፤ ሁሉም የፈለገው እሱን የሚጎዳውን ማታለል ነው። የኛም ጉባኤ ለካዝናው ስለፈራ የካዝናውን ሌባ ብቻ ፈለገ። ከፍሎ የቀረበትን ሰው የፈራለት የለም።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳነበው የውዝፉ ነገር ሁለት ገጽ ሞልቷል። የእኚያ እናት ንግግር ግን አንድም መስመር የለበትም።

አንድ የዕድር ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ