ይድረስ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፦ እኛንም አስተምሩን

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የምሠራ መካኒክ ነኝ። ዕድሜዬ 54 ነው። በ17 ዓመቴ ረዳት ሆኜ ስገባ ሥራዬ ብሎን በናፍጣ ማጠብ ነበር። ከዚያ ላዳ ላይ ሠራሁ፣ ከዚያ ኮሮላ፣ ከዚያ ቪትዝ። ስንት ሞተር አውርጄ የፒስተን ፋሻ እንደቀየርኩ ቁጥሩን አላውቀውም። መኪና ከበር ሲገባ ድምፁን ሰምቼ ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላ ነው ወይስ ሌላ ነው የሚለውን እለያለሁ። ሦስት ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ሙያ ነው።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ውሳኔውን ልቃወም አይደለም የምጽፈው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው፤ መብራቱ ግን ከራሳችን ወንዝ ነው። ይህ ይገባኛል። የቸገረኝ ሌላ ነው። መኪናው ሲቀየር መካኒኩን ማን ይቀይረው?

አንድ ቀን የቆየ ደንበኛዬ የኤሌክትሪክ መኪናውን አስጎትቶ መጣ። «ጋሼ፣ ጠዋት ላስነሳው ብል ቀጥ አለ» አለኝ። ኮፈኑን ከፈትኩት። ካንዴላ የለም፣ የሞተሩ ክዳን ቴስታታም የለም። ወፋፍራም ብርቱካናማ ገመዶች ተጋድመዋል። ብርቱካናማው አደገኛ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው 220 ቮልት ነው፤ በእነዚያ ገመዶች ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ 400 ቮልት ገደማ ነው የሚሄደው። የዘረጋሁትን እጄን መለስኩት። በሙያዬ እጄን ከመኪና ላይ ፈርቼ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው። ረዳቴ አይቶኛል። ምንም አላለም፤ ዞር ብሎ ቁልፎቹን መጥረግ ጀመረ። ደንበኛዬን ሌላ ቦታ እንዲወስደው ነገርኩት። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ከሳምንት በኋላ የመኪናው ችግር ምን እንደነበር ሰማሁ። ትንሿ ባትሪ ሞታ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ላዳዋ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳን፣ ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው ያቺ ትንሿ ከሞተች መኪናው አይነሳም። ዕድሜ ልኬን ስቀይራት የኖርኩት ባትሪ! አለማወቄ ብቻ ሳይሆን ማወቄን አለማወቄ ነው ያንገበገበኝ።

በነጋታው ልማር ብዬ ተነሳሁ። አንድ ማሠልጠኛ ሄጄ ምዝገባ ጠየቅኩ። መዝጋቢዋ ትሑት ልጅ ናት። «አባቴ፣ ይሄ ለወጣቶች የተዘጋጀ ነው፤ ልጅዎን ይላኩልን» አለችኝ። በወጣቶች ፖሊሲያችን ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ሰው ነው። እኔ 29ን ካለፍኩ 25 ዓመት ሆኖኛል። ልጅቷን አልቀየምኳትም፤ የተሰጣትን ነው የሠራችው። ግን ከዚያ በር ስወጣ፣ ገና ብዙ ዓመት የሚሠራ ጉልበት ይዤ «አበቃልህ» የተባልኩ ያህል ተሰማኝ።

ያዳነኝ የድሮ ረዳቴ ነው። ልጅ ሆኖ እኔ ጋ ገብቶ የቴስታታ ብሎን ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር እንደሚጠብቅ እጁን ይዤ ያሳየሁት ልጅ፣ ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና ይጠግናል። እሁድ እሁድ ያስተምረኛል። መጀመሪያ ያስያዘኝ ነገር መፍታት ሳይሆን መታገስ ነው። ኃይሉን ታቋርጣለህ፣ ከዚያ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወጣ ደቂቃዎች ትታገሳለህ፣ ከዚያ ለክተህ ታረጋግጣለህ። 1000 ቮልት የሚችል ጓንት ሳታጠልቅ ብርቱካናማውን አትነካም። እኔ ደግሞ የለመድኩት በባዶ እጅ ነው። ስቸኩል «ጋሼ፣ ቆይ! ጓንት!» ብሎ ይጮህብኛል። ደስ ይለኛል። እኔም እንዲሁ እጮህበት ነበር።

ጎረቤት ጋራዥ ያሉት «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ እናቴ ፊደል ስትቆጥር ያየሁ ሰው ነኝ። በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እሷ 40 ዓመት አልፏት ነበር። ማታ ኩራዝ የምይዝላት እኔ ነበርኩ። እርሳሱን እንደ መጥረጊያ ጨብጣ ስሟን ስትጽፍ ወረቀቱ ይቀደድ ነበር። በኋላ ግን የዕድሩን መዝገብ የምትይዘው እሷ ሆነች። ይህች አገር ያን ጊዜ እናቶችንና አያቶችን በ15 ቋንቋ አስተምራለች፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝታበታለች። «ዕድሜሽ አልፏል፣ ልጅሽን ላኪ» የሚል መዝጋቢ አልነበረም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ሥልጠና ስታዘጋጁ ለነባር መካኒኮች ቦታ ያዙልን። ማታ ወይም እሁድ ይሁንልን፤ ቀን ጋራዡን ዘግተን ከተቀመጥን ቤተሰብ ምን ይበላል? መማሪያው በአማርኛና በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች ይቅረብ። በእንግሊዝኛና በቻይንኛ የተጻፈውን መመሪያ አብዛኞቻችን አናነበውም፤ በዚህ ሥራ ደግሞ አንድ መስመር ሳያነቡ ማለፍ ሰው ይገድላል። የሙያ ብቃት ምዘናውም ክፍያው የሚቻል፣ ፈተናው መኪናው ላይ የሚሠራ ይሁን። በወረቀት ከሆነ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው ይወድቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። እኛን ከዜሮ እንደሚጀምር ሰው አትቁጠሩን። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከባድ ነው፤ ጎማና ጎማውን በሚሸከመው የመኪናው እግር ላይ ጫና ያሳድራል። እግር፣ መሪ፣ ፍሬን የእኛ ሥራ ነው። ከኮሌጅ የሚወጡት ልጆች ኮምፒውተሩን ያውቁታል፤ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ ግን እኛ እናውቀዋለን። አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጡን። እነሱ ያስተምሩናል፣ እኛም እናስተምራቸዋለን። እኔና የድሮ ረዳቴ በየእሁዱ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ባለፈው ወር ያ ደንበኛዬ ተመልሶ መጣ። መኪናው እንደገና አልነሳም ብሎ ነበር። ጓንቴን አጠለቅኩ፣ ለካሁ፣ ትንሿን ባትሪ ቀየርኩለት። ተነሳ። ድምፅ ስለሌለው መነሳቱን ያወቅኩት በዳሽቦርዱ መብራት ነው።

በእኛ መንደር ለመማር የተዘጋጀን 11 መካኒኮች አለን። ትንሹ 43፣ ትልቁ 61 ዓመቱ ነው። የምዝገባ ቀን ብትነግሩን ሁላችንም እንመጣለን።

አክባሪያችሁ፣
ከተክለሃይማኖት አንድ መካኒክ