ቡናው ሲታጠብ ዓሣው ይታፈናል

ይድረስ ለጅማ ዞን የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ኃላፊዎች
ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዓሣ ቤት አለችኝ። "ባሕር በሌለበት አገር ደግሞ ምን ዓሣ አለ?" የሚል እንግዳ አይጠፋም። ዓሣዬ የሚመጣው ከግልገል ጊቤ ግድብ ነው። ውኃው በ1996 ዓ.ም. መብራት ማመንጨት ጀመረ። የአካባቢው ልጆች ደግሞ መረብ ይዘው ገቡበት። እኔም በእነሱ ድካም እንጀራዬን እበላለሁ።

ኅዳር ላይ አንዱ አስጋሪ ማልዶ መጣ። ከጆንያው አንድ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። "ለሽያጭ አይደለም፣ እዩልኝ ብዬ ነው" አለ። ስንጥቡን፣ ያንን የሚተነፍስበትን፣ ገለጥኩት። የደህና ዓሣ ስንጥብ ደም የመሰለ ቀይ ነው። የዚህ ግን አመድ መስሏል፤ ጣቴ ላይ የሚያዳልጥ ነገር ቀረ። ሽታውን ጅማ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሰነበተ የእሸት ቡና ልጣጭ! ዓሣውን በመረብ አልያዘውም። ወንዙ ግድቡ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ተንሳፍፎ ነው ያገኘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀይ እሸት ሲፈለፈልና ሲታጠብ ልጣጩና ያ ሙጫው ከውኃው ጋር ይወጣል። ስኳር ስላለው ቶሎ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ዓሣው መርዝ ሳይቀምስ አየር አጥሮት ይሞታል። ወቅቱም ክፉ ነው፤ ቡና የሚታጠበው ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ በሚቀጥንበት ጊዜ ነው።

ዝናቡ ቀድሞ ካቆመ ደግሞ ወንዙ ይብስበታል፣ ቆሻሻውን የሚያቀጥን ውኃ ያጣል። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። ቆሮሶ የሚራባው ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ ነው። ግድቡ ሲሸሽ ጎጆው ደረቅ ላይ ይቀራል። ዶፍ ሲመጣ ደግሞ የተራቆተው ተራራ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ከተማችንም በመሃሏ በሚያልፈው አዌቱ ወንዝ ላይ የራሷን ቆሻሻ ትጨምርበታለች። ድሮ ይህን ሁሉ የሚያጣራልን የቦዬ ረግረግ ነበር። እሱንም ለጡብ አፈር እየቆፈርን፣ ባሕር ዛፍ እየተከልን አሳነስነው።

ቡና ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። የሊሙ ቡና ስም ያወጣው ታጥቦ ነው፤ እኔም ጠዋት ሳልጠጣ ሰው አልሆንም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። አስጋሪዎቹ ለአንድ መሥሪያ ቤት አመለከቱ። ባለሙያ ተላከ። መቼ? የካቲት ላይ! የካቲት ላይ የቡና ማጠቢያው ዝግ ነው፣ ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ጉድጓድም ደርቋል። ሪፖርቱ "ወደ ወንዝ የተለቀቀ ፍሳሽ አልተገኘም" አለ። እውነታቸውን ነው፣ አልተገኘም።

ስለዚህ የምለምነው አዲስ ሕግ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የምለምነው ቀን ነው። አንዴ መስከረም ሳይጋመስ፣ እሸቱ ሳይደርስ ኑ። የእያንዳንዱ ማጠቢያ ጉድጓድ ለዘንድሮ ቡና ይበቃል ወይ? ከወንዙስ ምን ያህል ይርቃል? ይህ ሳይታይ ሥራ አይጀመር። ሁለተኛ ኅዳር ላይ ኑ፣ ያውም ሌሊት። ጉድጓዱ ሲሞላ ቦዩ የሚከፈተው ሰው ሲተኛ ነው፤ አስጋሪ መረቡን ሊያይ በሌሊት ስለሚወጣ ያየዋል። ስልክ ቢደውል የሚያነሳለት ሰው መድቡለት። ልጣጩም ቢሆን ተከምሮ ቢብላላ ለገበሬው ማዳበሪያ ይወጣዋል፤ ወንዝ ውስጥ ምን ይሠራል?

ውኃው እኛ ጋ አይቆምም። ከጊቤ ወደ ኦሞ፣ ከኦሞ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ይወርዳል። እዚያም መረብ የሚጥል ሰው አለ።

ያ አስጋሪ አሁን መረቡን ጠቅልሎ ባጃጅ መንዳት እየተማረ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። እኔ ዘንድሮ ምን እንደማቀርብ እንጃ። ለኅዳሩ ጉብኝት ግን ቦታውን የሚያሳይ ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የጅማ ዓሣ ቤት ባለቤት