የቅርስ ክበብ ዘገባ፦ «ሞት» አይተን መጣን

ለወላጆች በላክሁት ማስታወቂያ ላይ moat የሚለውን እንግሊዝኛ ቃል በፊደላችን እንዳለ ገልብጬ «ልጆቹ ቅዳሜ ሃሮው ሄደው ሞት ይጎበኛሉ» ብዬ ጻፍሁ። አንዲት እናት ወዲያው ደወሉ፦ «መምህር፣ ልጄን የት ነው የሚወስዱብኝ?» ከዚያ ወዲህ ቤት ዙሪያ ተቆፍሮ ውኃ የሚሞላውን ይህን ነገር «የውኃ ቦይ» እላለሁ፤ ልጆቹ ግን ሞቱን አልተዉትም።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ፎቶግራፍ በማየት አለፈ፤ ብዙ የሚወራለት አይደለም። የዓመቱ ዋና ሥራ ጉብኝቱ ነበር።

ሄድስቶን ማነር ለንደን ሰሜን ምዕራብ፣ ሃሮው ውስጥ ነው። ጥንታዊው የቤቱ ክፍል በፈረንጆች 1310 አካባቢ ለካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ቦይ ዛሬም ውኃ አለው። ልጆቹ ግንብና መድፍ ጠብቀው ዳክዬ አገኙ። አንዱ «ይሄ ጦር ይመልሳል?» ብሎ አፌዘ። አልተሳሳተም። በእንግሊዝ እንዲህ ያሉ 6,000 ያህል ቦታዎች ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹ የተቆፈሩት ከ1250 እስከ 1350 ባለው ጊዜ ነው። ባለቤቶቹ ባለርስቶች፣ አንዳንዴም ደኅና ኑሮ ያላቸው ገበሬዎች ነበሩ። ቦዩ ሌባና ከብት ይመልሳል፣ እርጥብ መሬት ያጠነፍፋል፣ ዓሣ ይረባበታል። ከሁሉ በላይ ግን የጌትነት ምልክት ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ የሚገባ ሰው የማን ደጅ እንደ ደረሰ ይገባዋል። ብዙዎቹ ቦታዎች ዛሬ ቤት የላቸውም፤ የቀረው በግጦሽ መስክ መካከል አራት ማዕዘን ስርጉድ ብቻ ነው።

ስሕተቴን ልናገር። በዕቅዴ ላይ «ተማሪዎች ቦዩ ዳር ጥቂት ቆፍረው ይለማመዳሉ» ብዬ ነበር። ደግነቱ ከመሄዳችን በፊት ሕጉን አነበብሁ። ቦታው በ1979ኙ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መቆፈር ወንጀል ነው፤ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ መጠቀምም እንዲሁ። ልጆቹ አኮረፉ። ጭቃውን አፉ በታሸገ ጋን መሰልሁላቸው፦ አየር ስለማይደርሰው እንጨት፣ ቆዳና የእህል ዘር ሳይበሰብስ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆይበታል፤ አንዴ ተከፍቶ ከደረቀ ግን አበቃ።

ስለዚህ በመቆፈሪያ ፈንታ ገመድ ይዘን ዙሪያውን ለካን። የስምንት ዓመቷ ልጅ በሥዕሏ ሥር «የፋሲል መዋኛ ታናሽ ወንድም» ብላ ጻፈች፤ የመጽሔቱን የጀርባ ሽፋን ይመልከቱ።

ሰማያዊ ቦት ጫማ፣ የግራው ብቻ፣ ቢሮዬ አለ። ጭቃው እንዳለ ነው፤ የጠፋበት ይምጣ።