ችግኝ በቀትር የማንጭንበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የአቮካዶ፣ የፓፓያ፣ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ አንጭንም። ከወለንጪቲ፣ ከሞጆ ወይም ከመቂ ተነስታችሁ አዳማ የምትደርሱት ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሰዓት በመሆኑ ቅሬታ መምጣቱ አልቀረም። «መኪናው ተገትሮ ሲውል ኪራዩን ማን ይከፍላል?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን መልስ አለብን፤ መልሱ ደግሞ ከቅጠሉ ጀርባ ይጀምራል።

የአቮካዶ ቅጠል ገልብጣችሁ ብታዩ ከላዩ ይልቅ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም። ግን ጀርባውን ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ቀቡት፤ ሲደርቅ በሚያጣብቅ ፕላስቲክ ቀስ ብላችሁ ላጡትና ልጆቻችሁ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ተመልከቱት። ጥቃቅን ቀዳዳዎች በብዛት ተበትነው፣ በእያንዳንዱ ግራና ቀኝም ጎበጥ ያሉ ሁለት ህዋሳት ዘብ ቆመው ታገኛላችሁ። የተማሪ መጽሐፍ ስቶማታ የሚላቸው እነዚህን ቀዳዳዎች ነው። አቮካዶ ያለው ከታች በኩል ብቻ ነው፤ ቲማቲም በሁለቱም ገጽ አለው፣ የሚበዛው ግን ከታች ነው።

ጠዋት ብርሃን ሲያገኙ ሁለቱ ህዋሳት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ፖታሲየሙን ተከትሎ ውሃ ይገባል። ወደ ቀዳዳው ያለው ግድግዳቸው ወፍራም፣ የውጪው ግን ስስ ስለሆነ ውሃ ሲሞላቸው ወደ ውጭ ይለጠጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቀዳዳም ይከፈታል። ውሃ ሲጎድላቸው ይላላሉ፤ ቀዳዳውም ይገጥማል። ድርቀት ሲበረታ ደግሞ ተክሉ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን እያመነጨ «ዝጉ» ይላቸዋል።

ይህ ሁሉ መክፈትና መዝጋት ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲባል ነው። ተክል ስኳሩን የሚሠራው ከዚህ ጋዝና ከውሃ፣ በፀሐይ ብርሃን ጉልበት ነው፤ ትርፍ ኦክስጅኑም የሚወጣው በዚያው ቀዳዳ ነው። ችግሩ ጋዙ ብርቅ መሆኑ ነው፤ ከ10,000 እጅ አየር ውስጥ 4 እጅ ቢሆን ነው። ወደ ህዋስ ለመግባትም በእርጥብ ገጽ ላይ መሟሟት አለበትና የቅጠል ውስጡ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው በተከፈተ ቁጥር እርጥበቱ ተንኖ ይወጣል። ቅጠል አየር የሚሸምተው ውሃ እየከፈለ ነው፤ ዋጋውም የዋዛ አይደለም፤ ሥር ከሚስበው ውሃ ከ100 እጅ ከ90 የሚበልጠው በዚህ መንገድ ይሄዳል። ደግነቱ፣ የሚተነው ውሃ ቅጠሉን ያቀዘቅዛል፤ ከሥር ያለውንም ውሃ ከነማዕድኑ ወደ ላይ ይስባል።

አሁን ያንን ችግኝ በቀትር ክፍት ፒክአፕ ላይ አስቡት። በጸጥታ ጊዜ ቅጠልን ከቦ የሚቆይ ስስ እርጥብ አየር አለ፤ ነፋስ ሲጠርገው ትነቱ ይብሳል። ከተማችን ነፋስ እንደማያጣት ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይመሰክራሉ፤ በዚያ ላይ የመኪናው ፍጥነት ይጨመራል። በከረጢት ውስጥ ያለች እፍኝ የማትሞላ ሥር ያንን ያህል ውሃ መተካት አትችልም። ቅጠሉ ቀዳዳውን ሲዘጋ ምግብ መሥራቱ ይቋረጣል፤ ማቀዝቀዣው ስለሚቆምም ቅጠሉ ይግላል። ማሳ ሲደርስ ጠርዙ የተቃጠለ ችግኝ ታወርዳላችሁ፤ ስልክ የሚደወለው ግን ለእኛ ነው። «ቅጠሉ የበዛውን ምረጡልኝ» የምትሉንም አስቡበት፤ ለአንዲት ትንሽ ሥር ቅጠል ሲበዛ ወጪዋ በዛ ማለት ነው።

እሬትና ቁልቋል የምትወስዱ ግን በፈለጋችሁት ሰዓት ኑ። እነሱ ቀን ዘግተው ሌሊት የሚከፍቱ ናቸው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በጨለማ ሰብስበው ያስቀምጡና በማግሥቱ በብርሃን ይሠሩበታል። የወንጂ ሸንኮራ አገዳም ሆነ ጤፍ በጠበበ ቀዳዳ ጋዙን አሟጦ የመጠቀም ሌላ ዘዴ አላቸውና ሙቀቱን ይችሉታል። አቮካዶንና ቲማቲምን ከእነሱ ጋር አታወዳድሩብን።

ስትመጡ ጭነቱን ከነፋስ የሚከልል ሸራ ያዙ። ከተከላችሁ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ጥላ አድርጉላቸው፤ ውሃውንም በማለዳ ሥሩ ላይ አጠጡ። የቅጠል ማዳበሪያ የምትረጩም በማለዳ፣ ከታችም ከላይም አዳርሱ። ቅጠሉ በቀትር ጠውልጎ ወደ ማታ ከተመለሰ አትሸበሩ። ንጋት ላይም እንደጠወለገ ከሆነ ግን ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ አጠጡት። ጭቃ ከሆነ ሥሩ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ሊሆን ስለሚችል ውሃውን አቁሙና ደውሉልን።

ከሰላምታ ጋር፣
የችግኝ ጣቢያው ባልደረቦች፣ አዳማ