ምርጫው ዕጣ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ጄኔቲክ ፕሮግራሚንግ (ፕሮግራሞችን በትውልድ እያዳቀሉና የተሻሉትን እየመረጡ ስለማሻሻል ዘዴ) የወጣው ጽሑፍ «ኮምፒዩተሩ በዕድል ፕሮግራም ይጽፋል» ይላል። ዕድል ያለው በመነሻው ትውልድና በመዳቀሉ ላይ ነው። የትኛው ፕሮግራም ይትረፍ የሚለውን የሚወስነው ግን ሰው የሚጽፈው የነጥብ አሰጣጥ ነው፤ ጣጣውም በብዛት የሚመጣው ከዚያው ነው።

የአንገረብ ግድብን የውሃ ከፍታ የሚተነብይ ቀመር ፈለግን እንበል። አራቱን የሒሳብ ስሌቶች፣ የወሩን ዝናብ፣ ያለፈውን ወር ከፍታና ጥቂት ቋሚ ቁጥሮች እንሰጠዋለን። ከእነዚህ 500 ያህል ቀመሮች በዘፈቀደ ይፈጠራሉ፤ እያንዳንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አለው። ግምቱ ከተለካው ከፍታ ምን ያህል እንደራቀ ይሰላል፣ የተሻሉት ወላጅ ይሆናሉ፣ ቅርንጫፍም ይለዋወጣሉ። የዘዴው ፈር ቀዳጅ ጆን ኮዛ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ የተለመደው አሠራር 90 በመቶውን በማዳቀል፣ 10 በመቶውን እንዳለ በመገልበጥ ለ50 ትውልድ መቀጠል ነው።

አሁን ነጥቡን በዓመቱ አማካይ ስህተት ብቻ ስጡት። ያለፈውን ወር ከፍታ እንዳለ የሚመልስ ሰነፍ ቀመር ያሸንፋል። ምክንያቱም በረጅሙ በጋ ውሃው የሚቀንሰው ቀስ እያለ ስለሆነ ስህተቱ ትንሽ ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ ትንበያው በሚፈለግበት ሰዓት፣ ቀመሩ ጉድ ይሠራል። መፍትሔው የሐምሌንና የነሐሴን ስህተት ለብቻ መመዘን፣ ያንን ሰነፍ ቀመር ያልበለጠውንም መጣል ነው።

መረጃ ለመማሪያና ለፈተና ሲከፈልም ወራትን ማደባለቅ አይገባም፤ የሐምሌን ውጤት የሰኔና የነሐሴ መረጃ አስቀድሞ ያሾልከዋል። ሙሉ ዓመታትን ለይቶ ለፈተና ማስቀመጥ ይሻላል።

የቀረው የተለመደ ጥንቃቄ ነው። በዜሮ ማካፈል ሥራውን እንዳያቋርጥ ውጤቱን 1 ማድረግ፤ ቀመሮች ምንም የማይጨምር ቅርንጫፍ እያበዙ ኮምፒዩተሩን እንዳያንቀራፍፉ የዛፉን ጥልቀት በ17 መገደብ (ይህም የኮዛ ልክ ነው)። የቀመሮቹ ስብስብ በጥቂት ትውልድ አንድ ዓይነት ከሆነ ምርጫው ከርሯል ማለት ነው፤ ለወላጅነት በየጊዜው 7 ቀመር እያወዳደራችሁ ከነበረ ወደ 3 አውርዱት።

ዘዴው አይሠራም እያልን አይደለም፤ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2006 ባመጠቃቸው የኤስቲ 5 ሳተላይቶች ላይ በኮምፒዩተር ውስጥ እንዲህ ባለ ዝግመተ ለውጥ የተነደፈ አንቴና በርሯል። ከእንግዲህ ግን እንዲህ ያለ ውጤት ስትዘግቡ ነጥቡ በምን እንደተሰጠ፣ ተለይተው በተቀመጡት ዓመታት ላይም ስህተቱ ስንት እንደሆነ አብራችሁ አትሙልን።

የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር